ያልወለደ ጡት

አራስ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚለው ነገር ይታወቃል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ልጁ ማንን ይመስላል፣ ስንት ኪሎ ነው፣ ሌሊት ያስተኛል ወይ የሚባለው። ምጥ ከሞት ጋር የሚተያዩበት ነገር ስለሆነ፣ ከዚያ ለተረፈች ሴት ከ«ማረችሽ» የተሻለ ቃል አልተገኘም። እኔም ዕድሜ ልኬን ስለው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ግን አራስ ልጠይቅ ገብቼ አፌ ላይ ቀረ። ምጥ ያላያትን እናት ማርያም ከምን ማረቻት ይባላል?

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ለሁለት ወር ሥልጠና አሜሪካ ሄጄ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ቤት አረፍኩ። ስሟን ለራሷ ልተውላትና እኔ እንደምጠራት «እታለም» እያልኩ ልቀጥል። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሁለታችንም ያደግነው ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለች ገጠር፣ በአያታችን በእምዬ እጅ ነው። እታለም ዲቪ ደርሷት ከሄደች በኋላ በፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይነት ጀምራ፣ ተምራ፣ ነርስ ሆነች። ታክሲ የሚነዳ ደግ ባል አገባች። ልጅ ግን እንቢ አለ። በ34 ዓመቷ የማህፀን ዕጢ ደም አፍስሶ ሊገድላት ሲል ሐኪሞቹ ማህፀኗን አወጡት። እሷ ዳነች፤ እንቁላል የሚያፈልቀው ክፍልም ተረፈ።

እኔ በደረስኩ ሌሊት አንድ ድምፅ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። «ሲር… ሲር… ሲር…» ይላል። ፍሪጁ ተበላሽቶ ነው ብዬ ተነሥቼ ኩሽና ገባሁ። ፍሪጁ ደህና ነው። ድምፁ የሚመጣው ከሳሎን ነው። እታለም በጨለማው ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ከላይ ጣል አድርጋ፣ ጡቷን በማሽን ታልባለች።

«አትደንግጥ፤ ከዘጠኝ ሰዓቱ ነው። ቀጣዩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው» አለችኝ።

ሆዷን አየሁት። ጠፍጣፋ ነው። እሷም ማየቴን አየች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁሉንም አጫወተችኝ። ከእሷ እንቁላልና ከባሏ ዘር ላቦራቶሪ ውስጥ የተፈጠረው ጽንስ፣ የራሷ ሁለት ልጆች ባሏት አንዲት አሜሪካዊት ማህፀን ውስጥ ሰባት ወር ሞልቶታል። ቤት ሊገዙበት ለዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ ለዚሁ ሄዷል። ይህ ነገር እዚያ አገር ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። እኛ ዘንድ ስሙ «የማህፀን ኪራይ» ነው፤ ቤት የምናከራይ ይመስል።

«ይሁን፣ ልጁ መጣ። ጡቱ ግን ከየት ይመጣል?» አልኩ። ወንድ ልጅ ስለ ጡት ምን አገባው እንዳትሉኝ። የማላውቀውን ነገር ነው የጠየቅሁት።

ያስረዳችኝን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ጡት ወተት የሚሠራው ማህፀን አዝዞት አይደለም። ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ሥር ካለች ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ ነው። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ወተቱን ያሠራል፤ ኦክሲቶሲን የሚባለው ደግሞ እንዲወርድ ያደርጋል። በእርግዝና ወራት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ጡቱን ያዘጋጁታል፣ ነገር ግን ወተቱን ይዘው ያቆዩታል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ እነዚህ ሆርሞኖች በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ፤ ያን ጊዜ ወተቱ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የልጁ ነው። በጠባ ቁጥር ይመረታል፤ ካልጠባ ይደርቃል።

እንግዲህ ሐኪሞች ይህንን ሂደት ያለ እርግዝና የሚያስመስሉበት መንገድ አገኙ። ሴትየዋ ለወራት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ትወስዳለች። ሰውነቷ ያረገዘች ይመስለዋል። ልጁ ሊወለድ ስድስት፣ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ክኒኑን ታቆማለች። ይኼ እንግዴ ልጁ እንደወጣ ያህል ይቆጠራል። ከዚያ ቀንም ሌሊትም በየሦስት ሰዓቱ በማሽን ማለብ ነው። በጣም የታወቀው አሠራር የተሰየመው በሁለት ካናዳውያን ነው። አንዱ ጃክ ኒውማን የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ሁለተኛዋ ሌኖር ጎልድፋርብ፣ ራሷ በሌላ ሴት ማህፀን ልጅ አግኝታ ያጠባች እናት ናት። በዚህ አሠራር ላይ ዶምፔሪዶን የሚባል ለማቅለሽለሽ የተሠራ መድኃኒት ይጨመራል፤ ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋልና። ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ለወተት ብላችሁ እንዳትወስዱት ብሎ አስጠንቅቋል። የእታለም ሐኪምም «እሱን አላዝልሽም» አሏት። ክኒኑንም ቢሆን የሰጧት ደም የመርጋት አደጋ እንደሌለባት ከመረመሩ በኋላ ነው። ስለዚህ የቀራት ክኒኑና ማሽኑ ብቻ ነው።

«ስንት ወጣልሽ?» አልኳት።

ጠርሙሷን ወደ መብራቱ አነሣችው። ከታች አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነገር ይታያል። «ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ትላንት ጠብታ ነበር» አለችኝ። ፊቷ የሚያበራው ጆግ ሙሉ የታለበላት ይመስላል።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

አንድ ቅዳሜ የማኅበር ድግስ ተጠርተን ሄድን። እታለም ሥራ ገብታ ነበር። እንጀራው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ ወሬው ተነሣ። «በኪራይ ነው አሉ!» አለች አንዷ። «ገዛች በሉኛ፤ ገንዘብ ካለ ምን የማይገዛ አለ?» አለ አንዱ። «እሱስ ይሁን። ላጥባ ብላ ጡቷን ታሳልባለች መባሉ ነው የገረመኝ። ጡት እኮ ለወለደ ነው!» አለች ሌላዋ። ሳቁ። ከዚያ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ከአገር ቤት የመጣኸው፣ እስቲ ንገረን፤ እንዲህ ያለ ነገር እዚያ ሰምተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

ሰምቼ አውቅ ነበር። ከማንም በላይ አውቅ ነበር። እኔ ግን «እንግዲህ… ዘመኑ ነው!» ብዬ አብሬ ሳቅሁ።

ለምን እንዳፈርኩ ልንገራችሁ። እናቴ እኔን ወልዳ በዚያው ሌሊት ደም ፈሷት ሞተች። ለእሷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው አልደረሰም። ሦስት ቀን የፍየል ወተት በጥጥ እያሉ ሰጡኝ፤ ተቅማጥ ያዘኝ። እምዬ ልቅሶዬን ብታጣው ብላ የደረቀ ጡቷን አጎረሰችኝ። የመጨረሻ ልጇን ጡት ካስጣለች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ለማባበል የተጀመረው ነገር ቀንም ሌሊትም ሆነ። የሰፈሩ ሴቶች አጥሚት፣ ተልባ፣ አብሽ እያመጡ አጠጧት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወተት መጣ። ክኒን የለ፣ ማሽን የለ። ማሽኑ እኔ ነበርኩ።

ይህንን ታሪክ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የእረኛ ልጆች ሲጣሉኝ «የባልቴት ጡት ጠቢ!» ይሉኝ ነበር። በዚህ ስድብ ምክንያት ስንቴ እንደተደባደብኩ፣ ስንቴስ እንደተደበደብኩ አልቆጥረውም። ለትምህርት አዲስ አበባ ስገባ ታሪኩን እዚያው ገጠር ጥዬው መጣሁ። ለሚስቴ እንኳ ያጠባችኝን አልነገርኳትም። «አያቴ አሳደገችኝ» ነው የምለው። ማሳደግና ማጥባት ለየቅል መሆናቸውን አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ያሳጠርኩት። ያን ቅዳሜም የሳቅሁት በእታለም ላይ ብቻ አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አክስቴ፣ የእታለም እናት፣ ልጃቸውን ሊያርሱ መጡ። ለካስ እታለም በስልክ «ልጅ ልናገኝ ነው፤ ነይልኝ» ብቻ ነው ያለቻቸው። ደለስ ኤርፖርት ስንቀበላቸው ሻንጣቸው በገንፎ እህል፣ በቅቤ፣ በአብሽ፣ በበሶ ተወጥሯል። ልጃቸውን አቀፏት፤ ሆዷን በእጃቸው ዳሰሱ። ምንም አላሉም። ቤት እስክንደርስ ምንም አላሉም። ማታ እራት ቀርቦ እታለም እየተንቀጠቀጠች ሁሉንም ነገረቻቸው። አክስቴ እጃቸውን ከማዕዱ አነሡ።

«ሰው አርግዞልሽ?»

«አዎ እማዬ።»

«በገንዘብ?»

«አዎ።»

«አንቺ ደግሞ ልታጠቢ?»

እታለም መመለስ አቃታት። ባሏ አንገቱን ደፋ። ቤቱ ጭጭ አለ። ማሽኑ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ሁላችንም ላለማየት ሌላ ሌላ ነገር እናያለን። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«እትዬ፣ እኔን ማን አጠባኝ?» አልኳቸው።

አክስቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ቤት ይህንን ጥያቄ ከእኔ አፍ የጠበቀ አልነበረም። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ለእህቴ አርባ ስመጣ» ብለው ጀመሩ፤ «እናቴ አንተን ታቅፋ ስታጠባ አገኘኋት። በሐዘን አበደች ብዬ አለቀስኩ። ጠጋ ብዬ ሳይ በከንፈርህ ጥግ ወተት ይወርዳል። እሱን ሳይ ደግሞ ባሰብኝ።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ጡት እኮ ሞኝ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «ማን እንደወለደ አይጠይቅም።»

እታለም የዚያን ዕለት ማታ ኩሽና ውስጥ «እኔ እኮ ሐኪሙ ይቻላል ሲለኝ ያመንኩት እምዬን ስለማውቅ ነው» አለችኝ። «ታዲያ ለምን ቀድመሽ ለእትዬ አልነገርሻቸውም?» ብላት፣ «ያንተ ነገር ነው። እንደምትጠላው አውቃለሁ» አለች። አብረን አድገን፣ ስንጣላ ስንታረቅ ኖረን፣ ያን ስድብ አንድም ቀን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ግን አንድ ስኒ ቡና እስኪያልቅ እንኳ ምስጢሯን መጠበቅ አቅቶኝ ስቄባት መጣሁ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ነገሩን ሳስበው፣ «ጡት ለወለደ ነው» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ገረመኝ። በእኛ አገር «የጡት ልጅ» የሚባል ነገር የነበረ አይደለም እንዴ? ድሮ አንድ ሰው ለሌላው ልጅ ሊሆን ሲፈልግ ማር የተቀባ ጣት ወይም ጡት ይጠባና ዝምድናው ይጸና ነበር። ጢማም መኳንንት ሳይቀሩ «የጡት አባት» ይባሉ ነበር! በእስልምናም ያጠባች ሴት እናት ናት፤ ከአንድ ጡት የጠቡ እንደ ወንድምና እህት ስለሚቆጠሩ አይጋቡም። ነቢዩ መሐመድን ያጠባቻቸው ሐሊማ ስሟ እስከዛሬ በክብር ይነሣል። በመጽሐፍ ቅዱስም ኑኃሚን የሩትን ልጅ ታቅፋ ሞግዚት ስትሆነው፣ ጎረቤቶቿ ልጅ ተወለደላት ብለው አወሩላት። አያቶቻችን የወተትን ዝምድና ከደም ዝምድና እኩል ያስቀምጡት ነበር። ማሽኑ እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም።

አክስቴ ግን ከእኔ የራቀ ነገር አሰቡ። በማግስቱ አብሹን እየነከሩ ሳለ ድንገት «የተሸከመችውስ?» አሉ። «ማንን ማለትዎ ነው?» አልኩ። «ልጁን የተሸከመችውን ነዋ! እሷን ማን ያርሳታል?»

ሁላችንም መልስ አልነበረንም። ስለ ውሉ እናውቃለን፤ ስለ ጠበቃው እናውቃለን፤ ስለ ክፍያው እናውቃለን። ስለ አራስነቷ ያሰበ የለም። «ከፍለናታል እኮ» ልል አልኩና ተውኩት። አክስቴ «ሣራም አጋርን ውለጂልኝ አለቻት፤ በኋላ ምን አደረገቻት? የአጋር እንባ እንዳያገኛችሁ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። በሕንድ አገር ድሆች ሴቶች ለውጭ አገር ሰዎች ሲያረግዙ ዓመታት አልፈው፣ መንግሥት መጀመሪያ የውጭ ዜጎችን ከለከለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በገንዘብ የሚደረገውን በሕግ ዘጋው። «ኪራይ» የሚለው ቃል የሚያስጠላኝ ለዚህ ነው። ቤት ያከራየ ሰው ምጥ አይይዘውም።

ልጁ በጳጉሜን ተወለደ። ወንድ ነው። እታለም የሴትዮዋን እጅ ይዛ አጠገቧ ነበረች። ሐኪሙ ልጁን አንሥቶ በቀጥታ እታለም ደረት ላይ አስቀመጠው። ጡቷ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች እንደ ክር የቀጠነች ቱቦ አለች፤ ከአንገቷ ከተንጠለጠለች ጠርሙስ ወተት ታመጣለች። ልጁ ሲጠባ ከእሷም ከጠርሙሱም ያገኛል፤ መጥባቱ ደግሞ የእሷን ወተት ይጨምራል። እንዲህ የሚያጠቡ ሴቶች ብዙዎቹ ለልጁ ሙሉ በሙሉ የሚበቃ ወተት አያገኙም። እታለምም ደህና ባለችበት ወር ከሚያስፈልገው ሢሶውን ብታገኝ ነው። እሷ ግን ሢሶ ነው ብላ አዝና አታውቅም።

እንገሩስ? እንገር የሚዘጋጀው በእርግዝና ወራት ስለሆነ የእታለም ጡት እሱን አልያዘም። የወለደችው ሴት ሳትጠየቅ «የመጀመሪያዎቹን ቀናት እኔ አልብለታለሁ» አለች። በጠርሙስ የገባው ያ ብጫ ወተት የእሷ ነበር። አክስቴ ይህንን ሲሰሙ ተገረሙ። በእሳቸው አገር እንገር ታልቦ ይደፋ፣ ለሕፃኑ ቅቤ ይቀመስለት ነበር። ቅቤውን በቦርሳቸው ይዘው ገብተው ኖሮ፣ ነርሷ ማንኪያቸውን ባታይባቸው ኖሮ ያልሱት ነበር።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ገንፎ አገነፉ። በሳህን አድርገው፣ መሃሉን በቅቤና በበርበሬ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። እኔ ለእታለም ነው የመሰለኝ። እሳቸው ግን የእታለምን ክፍል አልፈው የሴትዮዋን በር አንኳኩ። ገቡ፤ ግንባሯን ሳሟት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ ልጅ» አሏትና ወደ እኔ ዞረው «አስተርጉምላት» አሉኝ።

እንዴት ይተረጎማል? «ከሞት አፍ ስለተመለስሽ እመቤታችንን ታመሰግናለች» አልኩ። ሴትዮዋ አክስቴን አየቻቸው፤ ገንፎውን አየችው፤ ከዚያ ዓይኖቿ ሞሉ። እናትና አባት ሆኑ ተብሎ ሰው ሁሉ ወደዚያኛው ክፍል ነበር የሚገባው። አንድ ማንኪያ ቀመሰች። በርበሬው አስነጠሳት። ሁላችንም ሳቅን፤ ይኼኛውን ሳቅ አላፍርበትም።

ከዚያ ወደ እታለም ክፍል ገባን። ያ ዐረፍተ ነገር አፌ ላይ የቀረው እዚህ ጋ ነው። አክስቴ ግን አልተቸገሩም። ልጅ የሚያጠባውን ልጃቸውን አይተው «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አሉ። አለቀ።

እኛ አገር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትነት የሚታወቀው ሴትየዋ ልጁን በመውለዷ ብቻ ነው ይላል። በዚያ ሕግ ብንሄድ እናቲቱ በርበሬ ያስነጠሳት ሴትዮ ናት። የሜሪላንዱ ፍርድ ቤት ደግሞ ወረቀቱ ላይ የእታለምን ስም አስጻፈ። ሕግ የግድ አንዷን መምረጥ አለበት፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ «እናት» በሚለው መስመር ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ነውና። ይህ የሕግ ጥፋት አይደለም። አክስቴ ግን መምረጥ አላስፈለጋቸውም። ለተሸከመችው የእሷን ሰጧት፤ ለምታጠባውም የእሷን። አንዷን ለማክበር ሌላዋን ማሳነስ አላስፈለጋቸውም። እኛ ደግሞ ከቡና ጋር ሁለቱንም አሳንሰናቸው ነበር፤ አንዷን «አከራይ»፣ ሌላዋን «ገዢ» ብለን።

ልጁ አሁን ተማሪ ነው። በስልክ ሲያናግረኝ አማርኛው ይደነቃቀፋል። እታለም ሁለት ሴቶች እንደደከሙለት ደብቃ አታሳድገውም። ይህንን እንድጽፍ ስጠይቃት «ያንተን ከጻፍክ የእኔንም ጻፍ» አለችኝ። ለዚህ ነው ሁለቱንም የጻፍኩት። ያን ቅዳሜ «እንዲህ ያለ ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ይህንን ካነበበ፣ መልሴ ዘግይቷልና ይቅርታ። አዎ፣ አውቃለሁ። የባልቴት ጡት ጠብቼ ነው ያደግሁት።